አንድ ጊዜ ጽፎ ሁልጊዜ ማዘዝ፤ ሼል ስክሪፕት በድረ ገጽ ሥራ ላይ

የድረ ገጽ ሥራ የያዘ ወጣት ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ በቅርብ ሆኖ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ከሥራው ሰዓት ብዙው የሚያልፈው አዲስ ነገር በማሰብ ሳይሆን፣ ትናንት የሠሩትን ዛሬም መልሶ በመሥራት መሆኑ ነው። አዲስ ፎልደር ይከፍታል፤ በውስጡ የተለመዱትን ፋይሎች ይፈጥራል፤ ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ ያሳንሳል፤ የዳታቤዙን ቅጂ ያወጣል፤ ፋይሎቹን ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ከላከም በኋላ ገጹን ከፍቶ ይመለከታል፤ አንዲት ፊደል ተሳስታ ያገኛት እንደሆነም ይህንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ይህ ዙር በሙሉ 10 ደቂቃ ይፈጃል ብንልና በቀን 6 ጊዜ ቢደጋገም አንድ ሰዓት ነው። በሳምንት 5 የሥራ ቀን ቢቈጠር 5 ሰዓት፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ 240 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 30 የሥራ ቀን ማለት ነው። ዳሩ ግን ጉዳቱ በሰዓቱ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። አሥራ ሁለት እርምጃ ያለውን ሥራ በቃሉ ይዞ የሚሠራ ሰው፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደክሞት አንዷን እርምጃ ቢዘነጋ፣ የምትዘነጋውም እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ የማስቀመጧ እርምጃ ናት። ጥፋቱ የሚታወቀው ቅጂው የተፈለገ ዕለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ድካም ከተገኙት መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ሼል ስክሪፕት የሚባለው ነው። የሚገዛ ነገር የለውም፤ የሚጠይቀውም ጥቂት የትእዛዝ ቃላት ማወቅንና አንድ ቀጭን የጽሑፍ ፋይልን ብቻ ነው።

ሼል ማለት በእንግሊዝኛ ቅርፊት ማለት ነው። የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ፣ ዲስክና ፕሮሰሰር የሚያዝዘው የውስጡ ክፍል ከርነል፣ ማለት ፍሬ፣ ይባላል፤ በፍሬውና በሰው መካከል ሆኖ ቃል የሚያመላልሰው ደግሞ ቅርፊቱ ነው። በአገራችን ልማድ ቢመሰል ሼል ማለት አጋፋሪ ነው። ባለጉዳይ በቀጥታ ወደ እልፍኝ ዘልቆ አይገባም፤ ጉዳዩን ለአጋፋሪው ይነግረዋል፤ አጋፋሪውም ገብቶ ያስታውቃል፤ መልሱንም ይዞ ይወጣል። በተርሚናል መስኮት ላይ ትእዛዝ የሚተይብ ተማሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባለጉዳዩ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር በቃል ከመናገር ይልቅ በወረቀት ጽፎ ቢሰጥና «ይህን ተራ በተራ አስፈጽምልኝ» ቢል፣ ያ ወረቀት ስክሪፕት ነው።

አሳቡ የትናንት አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1963ና በ1964 ዓ.ም. አካባቢ ራንኮም የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። የፕሮግራሙ ሥራ በአንድ ፋይል ውስጥ የተዘረዘሩትን ትእዛዞች ተራ በተራ ማስፈጸም ነበር። ሼል የሚለውን ስም ለዚህ መሣሪያ ያወጣውም እርሱ ነው። ዛሬ በሊኑክስ የሚሠራ ተማሪ በስማቸው መጨረሻ «አርሲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ያሉባቸውን የማዘጋጃ ፋይሎች ሲያይ ምን ማለት እንደሆኑ ይገረም ይሆናል፤ ከራንኮም የቀሩ ትዝታዎች ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ጀመሩ። ለዚሁ ሥራ የተሻለ ማሽን እንዲገዛላቸው ቢፈልጉም አለቆቻቸው ገንዘቡን ለመስጠት ዳተኞች ስለነበሩ፣ ለላብራቶሪው የፓተንት ክፍል የጽሕፈት ሥራ የሚያቃልል መሣሪያ እናዘጋጃለን ብለው ጠየቁና ማሽኑን አገኙ። በ1971 ዓ.ም. የፓተንት ክፍሉ ጸሓፊዎች ማመልከቻዎቻቸውን በዩኒክስ ማዘጋጀት ጀመሩ። እንግዲህ ይህ ዛሬ የሊቃውንት ብቻ መስሎ የሚታየው ነገር ከፈጣሪዎቹ እጅ ወጥቶ መጀመሪያ የደረሰው ለመሥሪያ ቤት ጸሓፊዎች ነው። ተርሚናልን ባዩ ቍጥር «ይህስ የእኛ አይደለም» የሚሉ ወጣት ሹማምንት ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ሼሉ እየተሻሻለ ሄደ። በ1979 ዓ.ም. የስቲቨን ቦርን ሼል፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ብራያን ፎክስ የጻፈው ባሽ ወጣ፤ ባሽ ዛሬ በብዙዎቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው። በዊንዶውስ ለሚሠራም ሰው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራ መንገድ ከፍቶለታል።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ዳግላስ ማክኢልሮይ በ1964 ዓ.ም. በጻፈው ማስታወሻ፣ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየገጣጠሙ አንዱ የሚያወጣውን ሌላው እንዲቀበል ማድረግ ያስፈልጋል የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ቶምፕሰን በ1973 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ይህን ሠርቶ በዩኒክስ ውስጥ አስገባው፤ ስሙም ፓይፕ፣ ማለት ቧንቧ፣ ተባለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። አለቃው «ባለፈው ሳምንት በድረ ገጻችን ከሁሉ ይበልጥ የተነበበው የትኛው ማስታወቂያ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ በዓይን መቍጠር የቀናት ሥራ ነው። አምስት ትንንሽ ፕሮግራሞች በቧንቧ ቢገጣጠሙ ግን አንዱ ከመዝገቡ የገጾቹን አድራሻ ብቻ ይለያል፤ ሁለተኛው በፊደል ተራ ያሰልፋቸዋል፤ ሦስተኛው ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጎ ይቈጥራል፤ አራተኛው ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረድራል፤ አምስተኛው የፊተኞቹን 10 ብቻ አስቀርቶ ያሳያል። አለቃው ጥያቄውን ተናግሮ ሳይቀመጥ መልሱ ይደርሰዋል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ወደ ዕለት ሥራችን እንመለስ። በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታና የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን፣ የስብሰባ ፎቶግራፎችንም ጭምር፣ በድረ ገጽ የሚያወጣ ወጣት ሠራተኛ አለ እንበል። ይህ ሰው ስክሪፕት ሊጽፍ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያደርገው ኪቦርዱን መንካት አይደለም፤ በወረቀት ላይ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መዘርዘር ነው። ይህ ዝርዝር በራሱ ብዙ ነገር ይገልጣል። ለሁለት ዓመት የሠራውን ሥራ ሊጽፈው ሲሞክር «ለምንድን ነው ይህን እርምጃ የማደርገው?» ብሎ መልስ የሚያጣበት ቦታ ይገጥመዋል። እንደ እኔ አስተያየት ከሚተርፈው ሰዓት ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ስክሪፕት የሥራ ማፋጠኛ ከመሆኑ በፊት የሥራ መመርመሪያ ነውና።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ፋይሉ ይጻፋል። በመጀመሪያው መስመር የሃሽ ምልክትና ቃለ አጋኖ ተጽፎ ከዚያ የባሽ አድራሻ ይከተላል፤ ይህም ጽሑፉን የሚያስፈጽመው ማን እንደሆነ ለማሽኑ መንገር ነው። ፋይሉም የማስፈጸም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ያለዚህ ፈቃድ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሥራው ይቀጥላል። ኢሜጅማጂክ የሚባለው መሣሪያ በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች ሁሉ እየዞረ ያሳንሳል። በስልክ የተነሡ 20 ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ቢሆኑ 80 ሜጋባይት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 300 ኪሎባይት ቢወርዱ ሁሉም በአንድ ላይ 6 ሜጋባይት ይሆናሉ። በተንቀሳቃሽ ስልክ ካርድ እየከፈለ ገጹን ለሚከፍት አንባቢ ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። ቀጥሎ የዳታቤዙ ቅጂ ዕለቱ በስሙ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ዕለቱም ሲጻፍ ዓመተ ምሕረቱ ፊት፣ ወሩ ቀጥሎ፣ ቀኑ መጨረሻ መሆን አለበት፤ ቀኑን ያስቀደመ ሰው ፋይሎቹ በተራ ሲደረደሩ የመጋቢትና የጥቅምት ቅጂዎች ተቀላቅለው ያገኛቸዋል።

ፋይሎችን ወደ ሰርቨሩ ለመላክ አርሲንክ የሚባለውን መሣሪያ የሚያክል የለም። አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ በአውስትራሊያ በ1996 ዓ.ም. ያወጡት ይህ ፕሮግራም በሁለቱ ማሽኖች ላይ ያሉትን ፋይሎች ያስተያይና የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። አንድ ቃል ያረመ ሰው ጠቅላላውን ድረ ገጽ እንደገና አይጭንም። መስመሩ በመካከል ቢቋረጥ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ የደረሱትን ፋይሎች ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል። የኢንተርኔት መስመሩ ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላም መልካም ጠባይ አለው፤ «አታድርግ፣ የምታደርገውን ብቻ አሳየኝ» የሚሉት ዓይነት የሙከራ ትእዛዝ ይቀበላል። ይህን ትእዛዝ ሳይሞክር በተለይ «ከዚህ የሌለውን ከዚያም ሰርዝ» የሚለውን አማራጭ የሚጨምር ሰው ደፋር ነው፤ ድፍረቱ ግን የሚመሰገን ዓይነት አይደለም።

በመጨረሻ ስክሪፕቱ ራሱ ገጹን ይጠራና የሰርቨሩን መልስ ይመለከታል። መልሱ 200 ከሆነ ደኅና ነው፤ 404 ከሆነ ገጹ የለም፤ 500 ከሆነ ሰርቨሩ ታሟል ማለት ነው። የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ በመዝገብ ጽፎ ያቆማል። ወጣቱ ያደረገው አንዲት ቃል መተየብ ብቻ ነው። ቃሊቱ በአማርኛ ብትሆን፣ ለምሳሌ «አውጣ» ብትባል፣ ባሽ አይቃወምም፤ ነገር ግን ኪቦርዱን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ማመላለሱ ራሱ ጊዜ ይበላልና በላቲን ፊደል አጠር ያለ ስም ማውጣቱን እኔ እመርጣለሁ።

የይለፍ ቃልን በስክሪፕት ውስጥ መጻፍ ክልክል ነው። ፋይሉን የሚያይ ሁሉ ያየዋልና በዚህ ፈንታ የኤስኤስኤች ቍልፍ ይዘጋጃል።

እንዲሁም ሁሉን ነገር ስክሪፕት ማድረግ አያስፈልግም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራን የ10 ደቂቃ ሥራ ለማፋጠን ሦስት ቀን ተቀምጦ ስክሪፕት የሚጽፍ ተማሪ አይታጣም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ስለ አደጋው እንናገር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሼል ግን አንዳንዴ ያፈሰሱት አይለቀምም። ሼል የሚሰርዘውን ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አያስገባም፤ ያጠፋዋል። የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አያነብም። በ2011 ዓ.ም. ባምብልቢ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ ስክሪፕት ውስጥ በአንድ የመሰረዣ መስመር ላይ አንዲት ባዶ ቦታ በስሕተት ገባች። አንድ ረጅም አድራሻ የነበረው በዚህች ባዶ ቦታ ለሁለት ተከፈለና፣ የፊተኛው ቍራጭ የማሽኑ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚኖሩበት ፎልደር ስም ሆኖ ተገኘ። የጫኑት ሰዎች ፕሮግራም እናገኛለን ብለው ማሽናቸውን አጡ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስቲም በሚባለው የጨዋታ ፕሮግራም የሊኑክስ ስክሪፕት ላይ ሌላ ጉድ ታየ። ስክሪፕቱ የፎልደሩን አድራሻ በአንድ ተለዋዋጭ ስም ይዞ፣ «ከዚህ አድራሻ በታች ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ይል ነበር። ተጠቃሚው ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ ባዛወረው ጊዜ አድራሻው ባዶ ሆነ፤ ትእዛዙም «ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ወደ ማለት ተለወጠ፤ የሰውዬው የግል ፋይሎች ሁሉ ጠፉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ያንን መስመር የጻፈው ባለሙያ ከመስመሩ በላይ የሚያስፈራ መሆኑን በማስታወሻ ጽፎ ትቶት ማለፉ ነው።

በእጅ መተየብስ ከዚህ ያድናል ወይ ቢባል አያድንም። በ31 ጥር 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጊትላብ በሚባለው ኩባንያ አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን ዳታቤዝ ፎልደር ሊሰርዝ አስቦ ትእዛዙን በዋናው ማሽን ላይ ሰጠ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ቅጂ አለን ብለው ወደ ማከማቻው ቢሄዱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም ከዳታቤዙ የቈየ ዓይነት ስለነበረ ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉንም የሚያስታውቀው የኢሜይል መልእክት በተቀባዩ በኩል ስለሚመለስ ለማንም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። ቢሆንም በዚያ መካከል የገቡ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ ወደ 5,000 አስተያየቶችና 700 ያህል አዲስ ተጠቃሚዎች ጠፉ። ኩባንያው ነገሩን ሳይደብቅ የጥገናውን ሥራ ለሕዝብ በቀጥታ ማሳየቱ ግን የሚያስመሰግነው ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ስክሪፕቱን ሲጽፍ ከመጀመሪያው መስመር በታች የሚያስገባው የጥንቃቄ ትእዛዝ አለ። «ሴት» የሚባለው ትእዛዝ ኢ በሚባለው የላቲን ፊደል ሲታዘዝ አንድ እርምጃ ከከሸፈ ቀጣዩን ሳይጀምር ይቆማል፤ ዩ በሚባለው ሲታዘዝ ደግሞ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ስም ቢያገኝ እንደ ስሕተት ቈጥሮ ይቆማል። ተለዋዋጭ ስሞችን በጥቅስ ምልክት መካከል ማስገባትም ልማድ መሆን አለበት። «የሐምሌ ጨረታ» ተብሎ በሁለት ቃል የተሰየመን ፋይል ሼል ያለ ጥቅስ ምልክት ሲያገኘው ሁለት ፋይሎች አድርጎ ይቈጥረዋል። በቃላት መካከል የምንጽፋቸውን ሁለት ነጥቦች ብንጠቀም ግን ሼል እንደ ባዶ ቦታ ስለማይቈጥራቸው ስሙ አይከፈልም፤ የአባቶቻችን አጻጻፍ ባልታሰበበት ስፍራ ጠቀመ ማለት ነው።

ስክሪፕቱ በራሱ ሰዓት እንዲነሣ የሚያደርገው ክሮን የሚባለው መሣሪያ ነው። አምስት ነገሮች ይነገሩታል፤ ደቂቃው፣ ሰዓቱ፣ የወሩ ቀን፣ ወሩና የሳምንቱ ቀን። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይውጣ» ተብሎ የታዘዘ ሠራተኛ በሰዓቱ ቦታ 8 ብሎ የጻፈ እንደሆነ፣ ክሮን የሚያስነሣው ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ማሽኑን ሊጠቀም በሚዘጋጅበት ጊዜ መሆኑ ነው። መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ሰርቨሩ ውጭ አገር ያለና በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰዓት በ3 ስለሚቀድመው የሚጻፈው 23 ይሆናል፤ ዕለቱም በዚያ ማሽን ላይ ገና ትናንት ነው። የሳምንቱን ቀን ጭምር የሚያዝዝ ሰው ይህን ካላሰበ የሰኞ ሌሊቱ ሥራ በማክሰኞ ሌሊት ሲሠራ ያገኘዋል።

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ዝውውር ነው። ድረ ገጹን የሚያውቀው ወጣት ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ወይም ለትምህርት ሲሄድ፣ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው የይለፍ ቃል እየለመነ፣ «እገሌ እንዴት ነበር የሚያደርገው?» እያለ ሦስት ወር ይከርማል። ስክሪፕቱ በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ ከተቀመጠ፣ ለውጡም በጊት ከተመዘገበ፣ አሠራሩ ሰውየው ከሄደም በኋላ ይቀራል። ከሃሽ ምልክት በኋላ የሚጻፈውን ማሽኑ ስለማያነበው፣ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በላይ ምክንያቱን መጻፍ ይገባል፤ ይህንንም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የመጀመሪያውን የዩኒክስ ሼል የጻፈው ያው ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር ሆኖ በመስከረም 1992 ዓ.ም. ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አመዘጋገብ ሥርዓት አወጣ፤ የግእዝ ፊደልም በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ገባ። በዚህ ሥርዓት አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ከላቲኑ ፊደል ሦስት እጥፍ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ሙሉ ገጽ የአማርኛ ማስታወሻ ቢጻፍ የአንዲት ትንሽ ፎቶግራፍን ያህል እንኳ ቦታ አይፈጅም።